የኖሊን ካርድና የመርቭ አጥር

አርብ ከሰዓት በአውስትራሊያ ገጠር የበግ ፀጉር ሸላቾች ምግብ አብሳይ የሆነችው ኖሊን፣ አደላይድ ከተማ ያለች ልጇ ምጥ እንደያዛት ሰማች። የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆረጠው በክሬዲት ካርድ ነው፤ የካርዷ የብድር ጣሪያ ደግሞ ተሟጧል፤ ከዕዳው ካልተከፈለ አይሠራም። በእጇ ጥሬ ገንዘብ ነበራት፤ የከተማዋን የባንክ ቅርንጫፍ ግን አምና ዘግተውታል።

ባንኩ ጋ ደወለች። «በኛ ፈንታ ገንዘብ የሚቀበለው ፖስታ ቤት ሄደው ቢከፍሉ ካርዱ ላይ የሚገባው ማክሰኞ ነው፤ ሰኞ በዓል ነው» አሏት። ወለድ ሲያስቡ በዓል የት አለና!

ጎረቤቷ መርቭ ከአጥሩ ማዶ ሰማ። «አንቺ ደረቅ፣ እኔ የዚያው ባንክ ደንበኛ አይደለሁም? ከኔ ሂሳብ ካርድሽ ላይ አሁኑኑ ይገባል።»

«ብድር አልወድም፣ መርቭ።»

«ማን አበደረሽ? ዶላርሽን ወዲህ በይ!»

በአጥሩ ላይ አቀበለችው፤ እሱም በስልኩ ላከላት። ቲኬቱን ስትቆርጥ መርቭ፣ «ወንድ ከሆነ በስሜ ጥሩልኝ!» እያለ ይጮህ ነበር።