የሙላት አጥር በባሮ አሸዋ ላይ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና፣ ኪስ ሳይጎዳ ሊጎበኙ ስለሚችሉ ያማሩ የውሃ ዳርቻዎች የተጻፈ ነገር ያነብልኝ ጀመር። ሐዋሳ አለ፣ ባሕር ዳር አለ፣ ከዚያ ጋምቤላ። «ነጭ አሸዋ፣ የማንጎ ጥላ፣ መግቢያ አይከፈልም፣ ሰላማዊ» ይላል። ሰላማዊ የምትለዋ ላይ ሲደርስ ደሜ ፈላ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አላውቅም። አሸዋውን ግን ከእሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ጋምቤላ ተወልጄ ያደግሁ የደገኛ ልጅ ነኝ። እናቴ ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ስለነበረች ከተማው ሁሉ ሲስተር ይላታል። ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ሳይቆይ፣ ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ «አገሩ የማን ነው?» የማይባልበት ቦታ አልነበረም። ገበያ ወጥተሽ ዓሣ ስትመርጪ እንኳ የሚገላምጥሽ አይጠፋም።

በበጋ ባሮ ሲጎድል ከማንጎዎቹ ሥር ሰፊ አሸዋ ይወጣል። እሱ የሴቶች መታጠቢያ ነበር። ሐሩሩ በረድ ሲል ልብስና ሳሙናችንን ይዘን እንወርዳለን። ወንዶቹ የሚታጠቡት ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ ነው። በእኛ በኩል የሚያልፍ ወንድ ከሩቅ ድምፁን ያሰማና ሴቶቹ «እለፍ» እስኪሉት ይቆማል። እኔና አርየት የምትባል የአኙዋክ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ አንዳችን የሌላችንን ጀርባ እያሸን፣ ፀጉራችን እስኪደርቅ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን እናመሽ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሙላት የሚባል ነጋዴ መጣ፤ የእናቴ የአገር ልጅ። ከማን እንዳስፈቀደ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አሸዋችንን በቀርከሃ አጠረው። የቆርቆሮ ዳስ አቆመ፣ ወንበርና ቢራ ደረደረ፣ ቦርሳቸውን አዝለው በርካሽ ለሚዞሩ ፈረንጆች «ባሮ ቢች» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ።

የአርየት እናት አባንግ የልብስ ሳፋቸውን በራሳቸው እንደተሸከሙ ዘበኛው ፊት ቆሙ።

«ውሃውን አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉት።

«ባለቤት አለው። ወደ ታች ሂዱ።»

ታች ያለው ገደልና አዞ ነው። አርየት ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺ ሰው ነው። አንቺ ግቢ» አለችኝ። አልገባሁም፤ ከእነሱ ጋር ገደሉን ወረድኩ።

ሴቶቹ አልተጣሉትም። አባንግ «ዝም በሉት። ባሮ ራሱ ያናግረዋል» አሉ፣ በዚያው ተስማሙ። አሸዋው የወንዙ መኝታ መሆኑን ከሙላት በቀር የማያውቅ አልነበረም። ጋምቤላ ጠብ ሳይል ደጋው ጎሬ ላይ ከዘነበ ባሮ ይሞላል። ሰውየው የሚያየው ግን የራሱን ሰማይ ብቻ ነበር።

እናቴን የአገር ልጅነት ያዛት። ግንቦት ሲገባ በሩ ድረስ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ወንድሜ፣ ወንዙ እዚህ ድረስ ይመጣል። ሳይሞላ ዕቃህን አውጣ።»

ሙላት ሳቀባት። «የታለ ዝናቡ? ሲስተር፣ አንቺም እንደነሱ ምቀኛ ሆንሽ?»

እናቴ እጄን ይዛ ተመለሰች።

ሰማዩ ጥርት ባለበት አንድ ጠዋት ውሃው ደፍርሶ ወረደ። አጥሩ ተነቀለ፣ ወንበሮቹ ተንሳፈፉ፣ ቆርቆሮው እያብለጨለጨ ቁልቁል የኢታንግን መንገድ ያዘ። ከድልድዩ አጠገብ ቆመን ስናይ ደስ አለኝ። ዛሬም ሲታወሰኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ።

ሙላት ግን በወንዝ መሸነፍ አልዋጥ አለው። «ሴቶቹ የአጥሩን ማሰሪያ ፈተውብኝ ነው» ብሎ ከሰሰ፣ አባንግም ታሰሩ። እናቴ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። «ወንዙ እንደሚሞላ እኔ ራሴ ነግሬዋለሁ። እምቢ ያለው እሱ ነው!» ብላ ጮኸችባቸው። አባንግን ለቀቋቸው።

አርየት የጣቢያው በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ታቅፈኛለች ብዬ ስጠጋ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

«እናትሽ ነገረችው?»

«አዎ፣ ሳይሞላ በፊት።»

«እኛ ሁላችን ዝም አልን። እናንተ ለሱ ነገራችሁ።»

«እናትሽን ያስፈታት እኮ እናቴ መንገሯ ነው!»

«ያሳሰራትስ የማን ሰው ነው?»

በሚቀጥለው በጋ አሸዋው ተመልሶ ወጣ፣ ሴቶቹም ተመለሱ። አርየት ከሌሎቹ ጋር ወዲያኛው ጫፍ ትታጠብ ነበር። ስጠራት ሳሙናውን ወደ ሌላኛው እጇ እያዛወረች ያልሰማች ትመስላለች። ትምህርት ቤትም ወንበር ቀየረች።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አክስቴ፣ ሰውየውን እስካሁን አልተውሽውም?» አለኝ። አልተውኩትም። ሙላት አዲስ አበባ ገብቶ ከብሮ ኖረ፤ ዓምና ሞተ። «የአገርሽ ሰው ነው፣ ለቅሶ ድረሽ» ብለው ዘመዶቼ ወተወቱኝ። የአገሬ ሰው አይደለም ብዬ ቤቴ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ያሙኛል፤ ይሙኝ። የአገሬ ሰው አርየት ናት። እሷን ስለ እኔ ቢጠይቋት ምን እንደምትል ግን፣ ይኸው አርጅቼም፣ ሄጄ ለመስማት አልደፈርኩም።