ተቃጥሏል የተባለው ሞተር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኮምቦልቻ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ዘመናት የቆመ ሚኒባስ ተቆረጠ። ተፈታ አላልኩም፤ ተቆረጠ። ሁለት ጎረምሶች የእሳት መቁረጫቸውን ይዘው ጠዋት ገቡና ምሳ ሳይደርስ ጣራውን ለብቻ፣ ሆዱን ለብቻ አድርገው ጫኑት። አጥሩ ላይ ተደግፌ ሳይ ቆየሁና አላስችል ብሎኝ "ኧረ ቀስ በሉ፣ ብሎኑን እንኳ ፍቱት እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። አንደኛው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ "እማማ፣ የሚቀልጥ ብረት እኮ ነው፤ ብሎን ምን ያደርጋል?" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ከሰዓቱን ሙሉ ሥራ ሳልነካ ዋልኩ። ደሴ፣ አባቴ ግቢ አንዲት መኪና ነበረች፤ እሷን ብሎን በብሎን የፈታኋት እኔ ነኝ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ቤት የተቀመጥኩ፣ ምላሴ የማያርፍ፣ ነገር ቶሎ የሚከነክነኝ ልጅ። መኪናዋ ነጭ ፔጆ ናት። አባቴን ደሴ ውስጥ ከሸዋ በር እስከ ሙጋድ "ሾፌር ሰይድ" የማይለው አልነበረም። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ሲቀናው እስከ ደጋን ድረስ ሰው ይጭን ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ አንድ ቀን ፔጆዋን ግቢ አስገብቶ አቆማትና "ሞተሩ ተቃጥሏል" አለ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

በነዚያ ስምንት ዓመታት ያሳደገችን እናቴ ዘሀራ ናት፣ ሳምቡሳ እየጠበሰች። ታላቅ እህቴ ሐያት ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሊጥ መዳመጥ ያዘች። የእናቴ ክንድ እስከ ክርኗ ድረስ ዘይት የተፈናጠረበት ጠባሳ ነበር፤ ለዒድ እጅጌው ረጅም የሆነ ቀሚስ የምትመርጠው ለዚያ ነው። አባቴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ብቻ ሽርጡን ሰብስቦ የፔጆዋን ኮፈን ይከፍትና ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ እዚያ ጎንበስ ብሎ ይቆያል። ምን እንደሚሠራ የጠየቀው የለም። "ተዉት፣ ሐዘኑን ይወጣ" ትለን ነበር እናቴ።

ሐያት ስትታጭ ነው ነገሩ የመጣው። ኒካሁ ለጥቅምት ተቆረጠ፤ ግቢያችን ደግሞ ዳስ የሚጣልበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ላይ ፔጆዋ ተዘርፍጣ ተቀምጣለች። እናቴ አንድ ጠዋት መጥበሻዋን አስቀምጣ፣ "ሰይድ፣ ወይ ዳሱን ጣራዋ ላይ ጣለው፣ ወይ ይቺን ብረት አውጣልኝ!" አለችው። አባቴ በሦስተኛው ቀን "ትውጣ" አለ።

ትውጣ ማለት ቀላል ነው። ፔጆዋ በገባችበት በኩል ጎረቤት አጥር አጥሮበት፣ የቀረው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለዚህ ተፈታትታ በሸክም ልትወጣ ሆነ። ሥራውን የያዙት ከኛ በላይ የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ። "እኔ ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ሥር የሚገባልኝ ሰው ስጡኝ" አሉ። ቤት ውስጥ ሥራ ፈት ማን አለ? እኔ።

መስከረም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ፣ ረፋድ ላይ የምትጋረፍ ፀሐይ፣ ከሥር የክረምቱ ጭቃ። አንዲት ቁልቋል ሻጭ መተላለፊያው ላይ ተቀምጣ በለሱን እየላጠች ትሰጠኝና በዘይት እጄ እበላለሁ፤ ሆዴን አንድም ቀን አላመመኝም። መጀመሪያ በሮቹ፣ ከዚያ ወንበሮቹ፣ ከዚያ መሪው ወጣ። ጋሼ ታደሰ የተፈታ ብሎን ሁሉ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ሰፌድ ላይ እንዲሰጣ አዘዙኝ። "ለሚጣል መኪና?" ስላቸው፣ "ልጄ፣ እኔ በሌላ መንገድ መፍታት አልችልም" አሉኝ።

ግራ ያጋባኝ አባቴ ነው። በሩን ስንፈታ መጥቶ "ፍጠኑ፣ ፍጠኑ" ይለናል፤ ወደ ሞተሩ ስንጠጋ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ከእጄ ይቀበለኛል። ጠዋት "ዛሬ ይለቅ" ይላል፣ ከሰዓት "ምን አስቸኮላችሁ?" ብሎ ይቆጣል። በመጨረሻ "ሞተሩን አትክፈቱት፤ እንዳለ ይሂድ" አለ። እናቴን ብጠይቃት፣ "አባትሽን አታውቂውም እንዴ? ሥራሽን ሥሪ" አለችኝ። ወላሂ፣ መኪናዋ እንድትወጣ ይፈልግ አይፈልግ አሁንም አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ተሸካሚዎች መጡና ሞተሩን አይተው ሳቁ። "ይህን በዚህ ጭቃ? ከፋፍሉትና እንሸከማለን" ብለው ቁጭ አሉ። አባቴ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄዷል። ጋሼ ታደሰ ወደ በሩ አየት አደረጉና "አምጪ ቁልፉን" አሉኝ።

መጀመሪያ ከፊት ያለውን ዘዋሪ ክብ ብረት ጨብጠው ገፋ አደረጉት። ዞረ። የተቃጠለ ሞተር ደግሞ አይዞርም። ክዳኑን ስናነሳው ፒስተኖቹ ዘይት ጠጥተው ያብረቀርቃሉ፤ ዝገት የለ፣ ጥቁረት የለ።

"የተቃጠለው የቱ ጋ ነው?" አልኩ።

"ከድጃ፣ ይህ ሞተር ምንም አልሆነም።"

"ስምንት ዓመት እኮ ነው የቆመው!"

"እሱ ነው የገረመኝ። ሰው ሲንከባከበው ነው የኖረው።"

የዓርቡ የዘይት ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። ከግቢው ወዲያኛው ጥግ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት ትከትፋለች። ስምንት ዓመት! የሐያት ትምህርት፣ የዚያ ክንድ ጠባሳ፣ ሁሉም ለደህና ሞተር? ተነስቼ ልሄድ ስል ጋሼ ታደሰ ቀሚሴን ያዙኝ። "ዛሬ አይሆንም። ቢያንስ ሠርጉ ይለፍ። ዘሀራ ይህን ከሰማች ይህ ቤት አንድ ቤት ሆኖ አይቀጥልም።" እኔም እናቴን አውቃታለሁና ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ፔጆዋ ተፈታትታ አይሱዙ ላይ ተጫነች፤ ኮምቦልቻ ወዳለ አሮጌ ብረት ገዢ ልትሄድ። አባቴ እኔ አደርሳለሁ አለ፣ እኔም ካልሄድኩ ብዬ ጋቢና ገባሁ። መንገድ ላይ ላፋጥጠው አስቤያለሁ። ገና ከደሴ ሳንወጣ "ሞተሩን አየሁት" አልኩት። እሱ መስኮቱን ዘጋ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ጉም ወረደ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፣ እያፏጨ ይጠመዝዛል። አባቴ በሁለት እጁ ፊት ያለውን ብረት ጨብጧል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈሩ "ጌታዬ ጠብቀን፣ ያ ረቢ ሰትረን" እያለ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ብርድ ላብ! ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

ኮምቦልቻ ሞቃት ነው። ብረቱን አራግፈን አንድ ዛፍ ሥር ሻይና ፓስቲ ይዘን ተቀመጥን። አባቴ ሻዩን ሳይጠጣ ነው የተናገረው።

"ፔጆዋን ያቆምኳት ቀን፣ እዚያ ጉም ውስጥ መንገዱ ሁለት ሆነብኝ። የቱ መንገድ እንደሆነ፣ የቱ ገደል እንደሆነ ጠፋኝ። ከኋላ ሕፃን ያዘለች ሴት አለች። አላህ አሳለፈኝ። ማንም አላወቀም።"

"ዓይንህን አሞህ ነዋ! ለምን ሐኪም አላየህም?"

"አየሁ። ዓይንህ ደህና ነው አሉኝ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ፈራሁ። እናትሽን ሾፌር ሰይድ ፈራ ልበላት?"

"ለሌላ ሾፌር ለምን አልሰጠህም?"

"ሌላ ሰው ሲነዳት 'አንተስ?' አይሉኝም?" ፓስቲውን ቆርሶ እጁ ውስጥ ፈረፈረው። "በኋላ ይለቀኛል ብዬ ዓርብ ዓርብ ዘይት እያጠጣሁ እጠብቃት ነበር። አልለቀቀኝም። ለእናትሽ አትንገሪ አልልሽም፤ ያሻሽን በይ።"

ምን ይባላል? ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁ፣ አፍሬያለሁ። የቱ እንደሚበልጥ አላወቅሁም። በሚኒባስ ስንመለስ ሐረጎ ላይ እጁን ያዝኩት።

ቤት ስንደርስ እናቴ ፔጆዋ የቆመችበትን ቦታ በእርምጃ እየለካች ነበር። አባቴ ሊሰግድ ወደ ውስጥ ገባ። እሷ ቆም አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ሞተሩን ከፍታችሁት ነበር አሉ?"

"አዎ።"

"እህስ?"

ክንዷን አየሁት። እጅጌዋን ሰብስባለች።

"ተቃጥሏል" አልኳት። "ድብን ብሏል፤ ምንም የሚተርፍ የለውም።"

እናቴ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። "አልሐምዱሊላህ" አለች፣ ሁለት ጊዜ። "ደህና ነው ብትዪኝ ኖሮ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቀን አላድርም ነበር።" ከዚያ ተነስታ፣ "በይ ለአባትሽ ውሃ አሙቂለት፣ ብርድ መትቶታል" አለችኝ።

ሐያት ተዳረች፣ ዳሱም ሞቀ። እናትና አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አብረው ኖሩ፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ እሷ ወደ አኼራ ሄዱ። እኔ ግን ያቺን ጥያቄዋን እስካሁን አልፈታኋትም። ጋሼ ታደሰ ቀስ ብለው ማውራት የሚችሉ ሰው አልነበሩም፤ ግቢያችንም ትንሽ ነው። ሰምታ ይሆን? ሰምታ ከሆነ ለምን እኔን ጠየቀችኝ? ውሸቱን ከልጇ አፍ ሰምታ ለመኖር ነው? ወይስ እውነት ከኔ አገኛለሁ ብላ አምናኝ ነበር? አንዳንድ ቀን ቤታቸውን አተረፍኩ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስምንት ዓመት የፈላ ዘይት ፊት የቆመች ሴት የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ከለከልኳት እላለሁ። ልጆቼን ውሸት ሐራም ነው እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ዱዓ ሳደርግ የአባቴ ስም በቀላሉ ይወጣልኛል፤ እናቴ ጋ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዛል፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልበላት ወይስ ላመስግናት አላውቅም።