በጉማራ ገደል አፋፍ ላይ የቆሙ ሰዎች

ወረታ፣ ጎህ ሲቀድ

ከወረታ የወጣነው የደረቀ ቆዳ በጫነ መኪና ላይ ነው። በዚያ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሌላ መኪና አልተገኘም። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ይቆነጥጣል፣ ቆዳው ይሸታል፣ የፎገራ ሜዳ ላይ ጉም ተኝቷል። ከጉሙ በላይ የሚታየው የከብት ቀንድና ጀርባ ብቻ ነው። ከክረምት የተረፈ ውሃ እዚህም እዚያም ያብለጨልጫል፤ ሳቢሳ የሚባሉት ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመውበታል።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። አንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ስለ አገራችን ወንዞች ለሚያወጣው ገጽ የጉማራን ሸለቆ አንስቼ እንድልክ አዞኛል። «መልክዓ ምድሩ ብቻ ይሁን፤ ሰው አይግባበት» ብለውኛል። እኔም ደስ ብሎኛል። ፎቶ ቤት ውስጥ ከሰው ፊት በቀር የማነሳው ነገር አልነበረም።

አብሮኝ ከቆዳው ላይ የተቀመጠው ፈንታ የሚባል የፎገራ ገበሬ ነው። ወረታ ገበያ ወይፈን ሸጦ ያደረበት ቤት እኔም አድሬ ነበርና እዚያው ተዋወቅን። ቤቱ ከጉማራ ድልድይ ብዙ አይርቅም፤ ሸለቆውንም ያውቀዋል። እኩያዬ ስለሆነ አንተ እየተባባልን ነው የሄድነው።

ሹፌሩ ድልድዩ ጋ ሲያወርደን እቃዬን አየና «ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ።

«ገደል ላነሳ።»

«ገደል ይነሳል?» አለና ሳቀ። መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ከድልድዩ ወደ ላይ፣ ረፋድ

ወንዙን በግራ ይዘን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ እንሄዳለን። መጀመሪያ መንገዱ ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር ገና አልደረቀም፣ ጫማዬን ይጎትታል። ፈንታ ጫማ የለውምና ቀድሞኝ ይሄዳል። የጓያ ማሳ፣ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ብጫ ኑግ። አበባው ዓይን ያጠግባል፤ ንቡ ጆሮ ይደፍናል። ሰዎች ከየማሳው ቀና ብለው «ደህና አደራችሁ?» ይሉናል። ፈንታ ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል።

ሜዳው እያነሰ፣ ዳገቱ እየበዛ መጣ። ወንዙ ዝቅ፣ እኛ ከፍ እያልን ሄድን። ከአንድ የዋርካ ጥላ ሥር ዳጉሳ እንጀራችንን በድልህ በላን። ትንሽ እልፍ ስንል መሬቱ በድንገት አለቀ።

ጥቁር ድንጋይ እንደ ምሰሶ ተደርድሮ ወደ ታች ይወርዳል። ከድንጋዩ ስንጥቅ ቁልቋልና ወይራ ወጥቷል። ከታች ጉማራ ቡናማ ገመድ መስሎ ይጠማዘዛል፤ ድምፁ እኛ ዘንድ ሲደርስ እህል የሚበጠር ይመስላል። ዝንጀሮዎች በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከእግራችን በታች አሞራ ሲያንዣብብ ጀርባውን አየሁት። የአሞራን ጀርባ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ካሜራዬ ባለሁለት ዓይን ነው፤ ሣጥን ይመስላል፤ ከላይ ወደ ውስጡ ሲያዩ በመስታወቱ ላይ ምስሉ ይታያል። ከአፋፉ ላይ ደጋግሜ አነሳሁ። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ስታልፍ እስክትርቅ ጠበቅሁ። ቀጥሎ ወደ ወንዙ እንውረድ አልኩ።

ገደሉ ሥር፣ ከቀትር በኋላ

መውረጃው የፍየል መንገድ ነው። በእጅም በእግርም ወረድን። ታች ሙቀት ነው፤ ነፋስ የለም። ትልልቅ ሾላዎች ወንዙ ላይ ጎንበስ ብለዋል። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ካሜራዬን በሦስት እግር ማስቀመጫው ላይ ተክዬ ሳስተካክል ከላይ ጩኸት ሰማን።

«ቁም! ማነህ አንተ!»

ዱላ የያዙ ሰዎች በፍየል መንገዱ እየተንደረደሩ ወረዱ። የፊተኛው ምንሽር ይዟል። ከሁሉም ኋላ አንዲት ሽበታም ሴት፣ በሰው ክንድ ተደግፈው፣ ሳይቸኩሉ ይወርዳሉ። ባለጠመንጃው ቸኮል ይባላል፤ ሴትዮዋ እናቱ ናቸው፣ እመይቴ ትርንጎ። ከገደሉ በላይ ያለችው መንደር ባለርስት ናቸው፤ መንደሩ የሚሰማው እሳቸውን ነው።

ቸኮል አፈሙዙን ወደ ካሜራው አዞረ። «ራቅ በል ከሷ!»

ራቅኩ። ፈንታ መሐል ገባ።

«ወንድሜ፣ እንግዳ ነው። እኔ ነኝ ይዤው የመጣሁ። የድልድዩ ማዶ ፈንታ ነኝ፣ አታውቀኝም?»

«አውቅሃለሁ። እሱን ነው የማላውቀው።»

እመይቴ ትርንጎ ደርሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሁሉም ጠበቀ።

«ባለፈው በጋ ሰዎች መጡ» አሉኝ። «እንዳንተ ሦስት እግር ያለው መነጽር ተከሉ። ቀይና ነጭ የተቀባ እንጨት ይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ምንድን ነው ብንላቸው ወንዙን ልናቆመው ነው አሉ። ሲቆም ውሃው ወዴት ይሄዳል ብንል፣ ወደ ላይ ይመጣል አሉና ሄዱ። ወደ ላይ ያለነው እኛ ነን፣ ልጄ። አንተ የነሱ ሰው ነህ?»

«አይደለሁም፣ እመይቴ። እኔ የጋዜጣ ፎቶ ነው የማነሳ።»

ቸኮል ይህን ጊዜ ጎንበስ ብሎ ወደ ካሜራው መስታወት ያይ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«እማዬ፣ ይዋሻል! ወንዙን መልሶታል!»

«ምን?»

«ነይ እይው! ወደ ኋላ ይሄዳል! ወደ ጉና ነው የሚፈስ!»

ሰዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ዱላውን አነሳ። በዚያ ዓይነት ካሜራ መስታወት ላይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ለኔ የተለመደ ነገር ስለሆነ ከረሳሁት ቆይቷል። ለነሱ ግን እውነትም ጉማራ ሽቅብ እየፈሰሰ ነበር። ልናገር ብሞክር የሚሰማኝ የለም። ቸኮል ካሜራውን ከነእግሩ አንስቶ ሊጥለው ወደ ወንዙ ዘረጋው።

«አስቀምጠው» አሉ እመይቴ ትርንጎ።

«እማዬ...»

«አስቀምጠው አልኩህ። እኔ አላየሁትም።»

አስቀመጠው። ተነስተው መጡና ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ሣጥኑ አዩ። እኔ በዚህ መሐል ፈንታን ካሜራው ፊት አቆምኩትና ዱላህን በቀኝ እጅህ ከፍ አድርግ አልኩት።

«በየትኛው እጁ ያዘ፣ እመይቴ?»

«በግራው።»

«አሁን ቀና ብለው ይዩት።»

ቀና አሉ። ደግሞ ጎንበስ፣ ደግሞ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ መጣ።

«መስተዋት ነው፣ እናንተ። እንደ ውሃ ላይ ጥላ ነው» አሏቸው ለሰዎቹ። ዱላው ወረደ። እሳቸው ግን ከሣጥኑ አልተነሱም። እያዩ ቆዩና «ቤቴ የታለ?» አሉኝ።

«ቤትዎ ከገደሉ በላይ ነው፤ ከዚህ አይታይም።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«እሱም አይታይም።»

«እንግዲያ የሚታየው ምንድን ነው? ድንጋይና ውሃ። ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? ማንም የሌለበት ገደል ነው፣ ውሃ ይሙላበት አይልም?»

ጋዜጣው የፈለገው በትክክል እሱን ነበር።

«ማንሳትህ ካልቀረ» አሉ፣ «እኛ ያለንበትን አንሳ።»

የወንዙ መታጠፊያ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ገደሉ እንደ አፍንጫ ሾሎ ይወጣል። ከዚያ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ከታች ወንዙ፣ ፊት ለፊት ደግሞ መንደሩ አንድ ላይ ይታያሉ፤ የሣር ክዳን ቤቶች፣ የገብስ ማሳ፣ በጥድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን። ፈንታና እኔ እዚያ ወጣን። ቸኮል ሊጠብቀን ይመስላል ጠመንጃውን ይዞ ከኋላችን ቆመ።

ወዲያ ማዶ እመይቴ ትርንጎ ሰው ይሰበስባሉ። ከማሳው፣ ከየቤቱ፣ ከወፍጮው ይመጣል። ቄሱ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ሴቶች ሕፃናት አዝለዋል። አንድ ሽማግሌን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ሴትዮዋ በዱላቸው እያመለከቱ በአፋፉ ላይ በረድፍ አቆሟቸው።

ጥላው ከሸለቆው ሥር ወደ ላይ እየወጣ ነው። ብዙ ከቆየን ወንዙ አይታይም።

«ቸኮል!» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። «ና ቁም!»

እሱ አልተነቃነቀም።

«አትሄድም እንዴ?» አለው ፈንታ።

«አልቆምም። የቆመ ሰው ይቆጠራል። የተቆጠረ ደግሞ ግብር ይጨመርበታል።»

«እናትህስ ቆመው የለ?»

«እሷ አርጅታለች፤ ምን ያደርጓታል።»

ድምፁ ደግሞ መጣ። ጥላው የመጀመሪያውን የድንጋይ እርከን ዋጠ። እንዲሄድ ልገፋፋው የሚያገባኝ አልመሰለኝም። ቸኮል እናቱን ብቻ ያያል። ከዚህ ሲታዩ ጣት አይሞሉም። በመጨረሻ ጠመንጃውን ለፈንታ ሰጠውና «ጠብቅልኝ» ብሎ በአፋፉ ዙሪያ ሮጠ። እስኪደርስ ጠበቅነው። ከእናቱ ጎን ገብቶ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ አነሳሁ። ፊልሙ እስኪያልቅ አነሳሁ።

ወደ ሜዳው መልስ፣ ሲመሽ

ጠመንጃውን ለቸኮል መልሰን ቁልቁለቱን ስንወርድ ፈንታ ቀደመኝ። የኑጉ ማሳ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«እኔ ውሃው ቢቆም ደስ ይለኛል» አለኝ።

«ምን?»

«ክረምት ክረምት ጉማራ ሜዳው ላይ ይተኛል። አምና ቤቴ ገባ። ሁለት ላሞች ወሰደብኝ፤ የዘራሁት ጤፍ ሥሩ በሰበሰ። እነዚያ ሰዎች ወንዙን እናቆመዋለን ሲሉ ሰምቼ ስለት ተስያለሁ።»

«ታዲያ እዚያ ለምን አልተናገርክም?»

«በሳቸው ፊት ምን ልበል? እርስዎ ይስጠሙ፣ እኔ ልዳን ልበል?»

ቤቱ የደረስነው ከመሸ ነው። ሚስቱ እግራችንን አጠበችን፤ ተኛን። በማግስቱ ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ጎንደር፣ ኅዳር

ፊልሙን አጥቤ ሳወጣ ሰዎቹ ከኑግ ፍሬ አይበልጡም ነበር። በትልቁ ሳትመው ግን ሁሉም ይለያሉ፤ ጃንጥላው፣ ቃሬዛው፣ ደረቱን የነፋው ቸኮል። ለጋዜጣው የላክሁት ይህን ነው። ሰው እንዳይገባበት ብለን አልነበረም ወይ አሉኝ። የሸለቆው መልክ ይኸው ነው አልኳቸው፤ በትንሹም ቢሆን አወጡት። አንድ ትልቅ ቅጂ ወደ ወረታ ለሚሄድ ነጋዴ ሰጥቼ ለፈንታ ላክሁ። እሱ ራሱ ለእመይቴ ትርንጎ ይዞላቸው ወጣ።

የሆነውን የነገረኝ በሌላ ቀን ጎንደር መጥቶ ነው። እመይቴ ትርንጎ በፎቶው ላይ ያለውን ሰው አንድ በአንድ በስሙ ጠሩ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ጋር እንዲቀመጥ ለቄሱ ሰጡት። ፈንታ እዚያው ተቀምጦ ሳለ የሆዱን፣ ወንዙ ቢቆም ደስ እንደሚለው፣ ነገራቸው።

«ተቆጡህ?» አልኩት።

«አልተቆጡም። ‹አንተስ ፎቶ ተነስተሃል?› አሉኝ። ‹የለም› አልኳቸው። ‹እንግዲያ ተነሳ› አሉኝ።»

ፎገራ፣ ነሐሴ

መኪናው ርብ ወንዝ ላይ ቆመ፤ መንገዱን ውሃ ወስዶታል። ወረታ የደረስኩት ጫማዬን በትከሻዬ አንግቤ ነው። ከወረታ ወዲያ ፈንታ በታንኳ ወሰደኝ። በጥቅምት ያለፍኩበት ሜዳ ባሕር ሆኗል። ከብቶች ትንሽ ጉብታ ላይ ተጨናንቀው ያገሳሉ። እርጥብ ጭድ ይሸታል።

ከቤቱ ደጅ ውሃው እስከ ጉልበት ነው። ፈንታ ሚስቱንና ልጆቹን አወጣና ውሃው ውስጥ አቆማቸው። ትንሹን አቀፈው። እኔ ታንኳው ላይ ቆሜ ሣጥኑን ከፈትኩ። ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል።

«ማሳዬ ይታያል?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከኋላቸው እስከ ሰማይ ዳር ድረስ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው።

«አይታይም። የሚታየው ውሃ ብቻ ነው።»

«ማሳዬ እሱ ነው» አለ ፈንታ። «በል፣ አንሳን።»