አንኮበር ላይ አልከፈት ያለው በር

ሰሞኑን ዝናቡ ሲጠና የጓዳዬ በር አብጦ አልከፈት አለኝ። በትከሻዬ እየገፋሁ ሳለ የወጣትነቴ አንድ በር ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ። የልጅ ልጄ ከሳሎን «እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ ሳቁ አላስመልስ አለኝ።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በትርፍ ጊዜያችን ቴአትር የምንሠራ ጓደኛሞች ነበርን፤ የእኔ ድርሻ መድረኩን ቤት ማስመሰል ነው። ጆንያ ሰፍቼ በእንጨት ላይ እወጥርና በኖራና በሙጫ አነጣዋለሁ። ለቀዩ የጡብ ዱቄት፣ ለጥቁሩ ጥላሸት። ጣቶቼ ሙጫ ሙጫ ስለሚሸቱ እናቴ ሊጥ አታስነካኝም ነበር። አዘጋጃችን መምህር ሰለሞን ግን ልፋቴ ብዙም አይጥመውም። «ሰው የሚመጣው ተዋናይ ለማየት ነው፤ አንድ መጋረጃ ይበቃናል» ይላል። አንኮበር ሄደን ልናሳይ ስንነሳ ቁርጡን ነገረኝ።

«ይህ ግድግዳሽ እዚያ ካሳፈረን፣ ከእንግዲህ በመጋረጃ ብቻ ነው የምንሠራው።»

ቴአትሩ ስግብግብ አጎታቸው የቆለፈባትን እህቱን ሊያስለቅቅ ስለመጣ ወንድም ነበር። ወንድምየው በሩን በእርግጫ በርግዶ መግባት አለበት። በሩን እንዲሠሩልኝ በከተማው ወደታወቁት አናጢ ወደ ጋሽ ወርቁ ሄድኩ።

«በአንድ እርግጫ የሚከፈት በር ይሥሩልኝ» አልኳቸው።

መላጊያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ በር የሚሠራው ሰው እንዳይገባ ነው። ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው?»

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ መቀርቀሪያውን ከቀጭን ሸንበቆ ሊያደርጉልኝ ተስማሙ፤ ሳንቃው ግን እንደ ልማዳቸው ወፍራም ጽድ ሆነ። «እኔም አብሬ እመጣለሁ። ሥራዬ ሲረገጥ ቆሜ ልየው» አሉ።

የበልግ ወቅት ነበር። የጭነት መኪና ላይ ከግድግዳዎቼ ጋር ተጭነን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን። ደብረ ብርሃንን ፀሐይ ላይ ትተናት አንኮበር ስንቃረብ ጉሙ ዋጠን። ዝናብን በሸራ ይከልሉታል፤ ጉምን ግን በምን?

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ወንድምየውን የሚጫወተው ግርማ፣ ከመካከላችን ጉልበተኛው፣ ተንደርድሮ በሩን ረገጠው። እኔ ከግድግዳው ጀርባ ነኝ። ሸንበቆው ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጉሙን ጠጥቶ አብጦ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። ግርማ ደገመው። ግድግዳዬ ሲወዛወዝ በትከሻዬ ደገፍኩት። በሦስተኛው ግርማ እግሩን ይዞ ማነከስ ጀመረ። ከዚያ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት፣

«ምነው ልጄ፣ በመስኮቱ ግባ እንጂ!» አሉት።

መስኮቱ እኔ በጥላሸት የሳልኩት ሥዕል ነበር። ልቤ በአንድ ጊዜ ደነገጠም፣ ኮራም።

መምህር ሰለሞን ራሱን ይዞ «መጋረጃውን ዝጉ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ጋሽ ወርቁ ኮታቸውን አስተካክለው፣ መሮና መዶሻ ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ።

«ልጄ፣ ይህን በር የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉት ግርማን። «ከመራገጥ በጨዋ ደንብ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

መሮውን ማጠፊያው ሥር ከተው መቱት። ሳንቃውን ነቅለው ተሸከሙና «እህትህ ይችው» ብለውት ወጡ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ሁሉ የቴአትሩ ክፍል መስሎታል።

ኋላ የአገሩ ሰዎች ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ሲያበሉን፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ሰለሞንን «ያንን የአናጢውን ነገር ማን ጻፈው?» ብለው ጠየቁት። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«በሩን ያመጣችው እሷ ናት» አለ እየሳቀ።

ደብረ ሲናም እነዋሪም ስንሄድ ጋሽ ወርቁ ኮታቸውን አስተኩሰው መድረክ ላይ አብረውን ወጡ። መጋረጃ ብቻ ይበቃናል ያለም የለም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ መድረክ ሠርቻለሁ። ደረጃው ያልተንገዳገደ፣ ቀለሙ ያልፈሰሰ፣ ሁሉ ነገር በታሰበለት ሰዓት የሆነበት። ዛሬ አንዱንም በቅጡ አላስታውሰውም። ግድግዳ ደግፌ የቆምኩበትን ያን ቀን ግን ከነሳቁ አስታውሰዋለሁ። የመጨረሻዬ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ፣ ገና መጀመሪያዬ ነበር።