የገሜዳ አውራ ጣት

ገሜዳን የማታውቁት እናንተ ናችሁ እንጂ የቀራንዮ ሰፈርማ አሳምሮ ያውቀዋል! ድንጋይ ሲፈልጥ አብሬው የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ነገሬ የምባለው እኔ ቁጭ ብዬ ስለሱ ሌላ ሰው አያወራም።

በጣሊያን ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም.፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ለጅማ መንገድ ጠጠር የሚያወጣ ኩባንያ ነበር። ድንጋይ የሚፈጭ መኪና አመጡ። የሚያዞረው ረጅም የቆዳ ቺንጋ ነው፤ ከሞተሩ እስከ መንኮራኩሩ ራቁቱን ይሽከረከራል፣ መሸፈኛ የሚባል የለው። ገሜዳ ሁለቴ ለካቦው፣ ለጣሊያኑ አለቃችን ማለቴ ነው፣ «ይኼ ነገር ሰው ይበላል፣ ሣንቃ ምቱበት» አለ። ካቦው ሳቀበት። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቺንጋው የገሜዳን እጅጌ ሳበና ቀኝ አውራ ጣቱን ከነጎረቤቱ ይዞት ሄደ። ወይኔ! የጮህኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ጥርሱን ነከሰ።

በስምንተኛው ቀን እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። ካቦው ወረቀት ዘርግቶ ጠበቀው፤ ከጎኑ አስተርጓሚው ወንድይፍራው ኮቱን ቆልፎ ቆሟል። እኛም መዶሻችንን እንደያዝን ከበብን።

«ፈርም» አለው ወንድይፍራው፣ «ለሕክምናህ ነው።»

የጣሊያንን ፊደል ማናችን እናውቃለን! እኔ ብሆን የቀረውን ጣቴን ቀለም ነክሬ ቁጭ አደርግ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ገሜዳ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረ።

«አቶ ወንድይፍራው፣ የቆሙት መድኃኔዓለም ደጅ ላይ ነው። ወረቀቱ ለሕክምና ከሆነ በሱ ይማሉልኝ።»

ወንድይፍራውን ላብ አጠመቀው። ሆዳም ይሁን እንጂ ክርስቲያን ነው፤ በመድኃኔዓለም በሐሰት መማል አቃተው። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ «‹ሰክሬ እጄን ራሴ ከተትኩ፤ ኩባንያው አይጠየቅም፤ ሥራዬንም ለቅቄያለሁ› ነው የሚለው» አለ።

ኧረ ጉድ! ጠላ እንኳ የማይቀምስ ሰው!

«አልሰከርኩም» አለ ገሜዳ። «መኪናቸው ክዳን የለውም፣ ሁለቴ ተናግሬያለሁ። ይኼ ይጻፍ። እስክድን ያሳክሙኝ፣ ሥራዬ ይጠብቀኝ፣ ቺንጋውም ሣንቃ ይልበስ። አለዚያ ጣት ከፈለጉ እዚያ መንኮራኩር ሥር ይፈልጉ!»

ይህ ሲተረጎምለት ካቦው ሽጉጡን ነካ። መዶሻውን ቀድሞ የጣለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሃያ ሰባታችንም ጣልንና መሬት ላይ ቁጭ አልን። መኪናው ባዶውን ይጮኻል። ጠጠር የሚጭኑት ካሚዮኖች ተሰለፉ። ቀትር ላይ መሐንዲሱ መጣና ካቦው ላይ ጮኸበት፤ በቋንቋቸው ተሰዳደቡ። በኋላ ገሜዳ እንዳለው ሌላ ወረቀት ተጻፈ። ወንድይፍራው በመድኃኔዓለም እየማለ አነበበው፣ ገሜዳም በግራ አውራ ጣቱ ፈረመ። እንዴት እንደኮራሁ! ባንዲራችን በወረደበት ዘመን ደረታችንን ነፍተን ወደየቤታችን ገባን።

ቺንጋው ሣንቃ ለበሰ። ገሜዳም በሁለት ወሩ ተመልሶ መዶሻውን በግራ እጁ ለመደ፣ ደግሞ ከኔ ይበልጥ ይፈልጥ ነበር፣ ቅናት እስኪይዘኝ።

የገና በዓል ሲቃረብ፣ ድንጋይ ተሸክሜ በመኪናው አጠገብ ሳልፍ ጠጠር አዳለጠኝና እጄን ዘርግቼ ወደ ቺንጋው ወደቅሁ። ሣንቃው ያዘኝ። ቺንጋው ከሥር ሲበር በእንጨቱ አልፎ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። ገሜዳ ሮጦ መጥቶ ኮሌታዬን ይዞ አነሳኝና፣ «አንተ ዝርክርክ! እግርህን እያየህ አትራመድም?» ብሎ ሰደበኝ።

እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ጣቶቼን ቆጠርኩ። አስር ናቸው።