የሩጫ ማስጀመሪያው ሽጉጥና አልወጣ ያለው ቀለህ

እንጅባራ፣ የፖሊስ መሣሪያ ጥገና ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ አለቃዬ ኢንስፔክተር ደሴ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ከፍተው ሞረዱን አወጡና የራሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

«ለምን ወሰዱብኝ?» አልኳቸው።

«የተሞረደ ብረት አይመለስም። መጀመሪያ ማየት ተማሪ።»

ስድስት ወር ሙሉ ሥራዬ መፍታት፣ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ መወልወልና ዘይት ቀብቶ መግጠም ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ኮንስታብል ነበርኩ፤ ጡረታ የወጣሁት በዋና ሳጅንነት ነው። በእጄ ብዙ መሣሪያ አልፏል። ያሳፈረኝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው የማይገድል ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ትርንጎ የምትባል የሩጫ አሰልጣኝ ከዳንግላ መጣች። በፎጣ ጠቅልላ ያመጣችው አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ለእሷና ለሯጮቿ ለሩጫ ማስጀመሪያ እንዲሆን ያገለገለ ሽጉጥ ተገዝቶላቸው ነው። የሚጎርሰው እርሳስ የሌለው፣ ባሩድ ብቻ ያለው ትንሽ ጥይት ነው።

«ይተኩሳል፣ ሳጅን። ከተተኮሰ በኋላ ግን ቀለሁ አልወጣ ይላል» አለችኝ። ቀለህ የምንለው ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን ባዶ ቀፎ ነው።

ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ እኛ ከበሮ የምንለውን፣ ፈታሁት። ስድስቱም ቀዳዳዎች በባሩድ ጥላሸት ጠቁረዋል። ምክንያቱን አገኘሁ ብዬ በነሐስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። ጥይቱ እንዳያልቅባት ስለሳሳሁ ሁለት ብቻ ተኮስኩ። ሁለቱም ቀለሆች ወጡ። «ድኗል፣ ውሰጂው» አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

«ሳጅን፣ ድኗል ብለውኝ ነበር።»

የሆነውን ነገረችኝ። ጠዋት በተካሄዱት ሩጫዎች ስድስቱም ጥይት ተተኩሷል። ቀለሆቹ ግን ተጣበቁ። በስንት ትግል አንዱን አወጡና አንድ ጥይት ብቻ አጎረሱ። በዚያች ጥይት የሴቶች ስምንት መቶ ሜትር ተጀመረ። አንዷ ልጅ ከተኩሱ ቀድማ ወጣች። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛ ተኩስ ሯጮቹን ይመልሳል፤ ሽጉጡ ውስጥ ግን የሚተኮስ አልነበረም። ፊሽካው በሕዝቡ ጩኸት ተዋጠ። ሌሎቹ ዞር ብለው አይተው ቆሙ። ውዴ የምትባል፣ ከአዘና ከተማ የመጣች ልጅ ግን አንገቷን ደፍታ አንድ ዙር ሙሉ ሮጠች።

«እንደገና ሲጀመር እግሯ አልታዘዛት አለ። መጨረሻ ወጣች» አለች ትርንጎ። «የዞኑ የሯጮች ምርጫ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሩጫውን ልተወው ትለኛለች።»

ስድስት ቀዳዳ ያለውን ነገር በሁለት ጥይት ፈትኜ ድኗል ያልኩት እኔ ነኝ።

«ቶርኖ ቤት ወስጄ ቀዳዳዎቹን ላስሰፋቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዳታደርጊው! ከሰፋ ቀለሁ ይቀደድና እሳቱ ወደ እጅሽ ይመጣል። ሽጉጡን እዚሁ ተዪልኝ።»

ከበሮውን ፈትቼ አወጣሁና የተጣበቁትን ቀለሆች በቀጭን የእንጨት ዘንግ ከፊት በኩል አንድ በአንድ ገፋኋቸው። ከዚያ በመስኮቱ ብርሃን በአጉሊ መነጽር አየሁ። ስድስቱም ቀዳዳዎች አፋቸው ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ተጠቅጥቀዋል። የተጠቀጠቀው ብረት እንደ ጥርስ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአራቱ ጥርስ ትልቅ ነው፤ የሁለቱ ገና ትንሽ ነበር። የእኔ ሙከራ ያረፈው በሁለቱ ላይ ኖሯል። ስድስቱም ሲተኮሱ ግን ማውጫው ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚገፋ፣ አራቱ ከተያዙ ሁለቱም አብረው ይቀራሉ። አዲስ ጥይት በአውራ ጣት ሲገፋ ጥርሱን አልፎ ይገባል፤ ተተኩሶ ሲያብጥ ግን ይያዛል።

የዚህ ሽጉጥ መምቻ መርፌ የሚያርፈው በጥይቱ ቂጥ ጠርዝ ላይ ነው። ቀዳዳው ባዶ ከሆነ መርፌው የሚመታው የከበሮውን ብረት ነው። ስለዚህ ሽጉጡን ባዶውን የሚያስጮኸው ሰው አለ ማለት ነው። ዳንግላ ውስጥ ሽጉጡ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ኃላፊ ወደሆኑት ወደ አቶ ሙሉ ደወልኩ።

«አቶ ሙሉ፣ ሽጉጡን ባዶውን የሚተኩሰው ማነው?»

«ኧረ ማንም አይነካውም! ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ጠዋት ጠዋት ጠቅ ጠቅ አደርገዋለሁ። እንዳይዝግ ብዬ።»

መሳቅም መቆጣትም አማረኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ደነገጡ። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ የጠበቅሁት መስሎኝ ነው» አሉኝ።

ጥርሱን ሞርዶ መጣል ቀላል ነበር። ግን የተገፋ ብረት እንጂ የተረፈ ብረት አይደለም፤ ከሞረድኩት አፉ ይጎደጉዳል። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ለስላሳና ጠንካራ የብረት ዘንግ በልክ አስቀረጽኩ። ዘይት ቀብቼ ወደ ቀዳዳው አፍ እየገፋሁና እያሽከረከርኩ፣ የተጠቀጠቀውን ብረት ቀስ በቀስ ወደ ቦታው መለስኩት። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ክፍላችንን እየመጡ የሚጎበኙት ኢንስፔክተር ደሴ ከበሮውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩና ምንም ሳይሉ መለሱልኝ። እሳቸው ስህተት ካዩ ዝም አይሉም።

በዚህ ጊዜ ስድስቱንም ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጊዜ ተኮስኩባቸው። አሥራ ሁለቱም ቀለሆች ማውጫው ሲገፋቸው ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።

የምርጫው ቀን በሚኒባስ ዳንግላ ሄድኩ፤ ከመናኸሪያ እስከ ሜዳው በጋሪ። ትርንጎ ውዴን እንድትመጣ ለምናት ነበር። ልጅቷ መስመሩ ላይ ቆማ ዓይኗ ከሽጉጡ አልተነቀለም።

የመጀመሪያው ተኩስ ጮኸ። ዳር ያለችው ልጅ ቀድማ ወጥታለች። ሁለተኛው ተኩስ ወዲያው ተከተለ፤ ሁሉም ከሠላሳ እርምጃ በኋላ ቆመው ተመለሱ። ውዴ ስትመለስ ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ተኩስ ሩጫው ተጀመረ። ሁለተኛ ወጣች፤ የሚመረጡት ሁለት ነበሩ።

ለናንተ በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላችሁ ሲሠራ ምን እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ፤ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ማን ምን እንደሚያደርገው ጠይቁ። ከጠገናችሁ በኋላም ባለቤቱ በሚጠቀምበት ልክ ሞክሩት። ስድስት ጎራሽ ከሆነ ስድስቱንም።