መርፌና ኢቃማ

ከአሶሳ የወጣሁ ለታ ሊነጋጋ ሲል መናኸሪያው ውስጥ እናቴ አንገቴን አቅፋ «የኔ ደፋር!» አለችኝ። ደፋር! ክትባት መጣ ሲባል በትምህርት ቤቱ መስኮት ዘልዬ ማንጎ ላይ ተሰቅዬ የዋልኩትን ልጅ! ፍርሃቱን እኮ ያወረሰችኝ እሷው ናት፤ ሕፃን ሆኜ ባለቀስኩ ቁጥር «ዝም በይ፣ ሐኪሙ መጥቶ ይወጋሻል» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያላለች እናት በኛ መንደር አለች?

አዲስ አበባ ለዓረብ አገር ሥራ ጉዞው የደም ምርመራ ሲጠየቅ፣ ታላቄ ሉባባ በኔ ስም ገብታ ክንዷን ሰጠችልኝ። መልካችን አንድ ነው፣ ማንም ልብ አላለም። በእሷ ደም «ጤነኛ» ተባልኩና ተገላገልኩ ብዬ ሪያድ ገባሁ።

ወይ መገላገል! እዚህም ደም ካልሰጡ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ የለም። ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ተወሰድኩ፣ ሁለቴም ከወረፋው ሹልክ አልኩ። ውጭው እሳት፣ ቤቱ በረዶ፤ እግሬ አልረጋ አለኝ። ማንጎውን እንኳ፣ እኛ ለፍየል የምንጥለውን፣ አንድ በአንድ ጠቅልለው ነው የሚሸጡት። በሦስተኛው ጊዜ አሠሪዬ «ዛሬ ወይ መርፌ፣ ወይ ኤርፖርት» አለኝ። ክሊኒኩ ስንደርስ መዝጋቢው ፓስፖርቴን እያገላበጠ፣

«መርፌ ትፈሪያለሽ?»

«አዎ።»

«በአውሮፕላን መጥተሽ?»

«አውሮፕላኑ አልወጋኝም።»

አልሳቀም። አጠገቡ የቆመችው ሱዳናዊት ነርስ ግን ሳቀች። አረብኛዋ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ሸቀጥ እንደሚያመጡልን ነጋዴዎች ስለሆነ አፌ ተፈታ፤ «እፈራለሁ፣ እወድቃለሁ» አልኳት። ሳልጠየቅ ለባዕድ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን ያሳፍራል እህቴ? ተጋደሚ። የሚጥልሽ መርፌው አይደለም፤ ስትደነግጪ ደምሽ ቁልቁል ይወርዳል። ጭንሽን ጠበቅ አድርጊ፣ ፊትሽ ሲሞቅ ልቀቂ። ክንድሽ ይላላ። ወዲህ አትዪ፣ ስለ አገርሽ አውሪኝ።»

የባምባሲን ገበያ ጀመርኩላት። በርበሬ ተራ ሳልደርስ «አለቀ» አለች። ይኸው ነው? ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት? የምትፈሩ እህቶቼ፣ አትደብቁ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ውጤቱ መጣ፤ ጤነኛ። አሠሪዬ «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ሁለት ዓመት ከኛ ጋር ነሽ» አለኝ።

ቤት ደወልኩ። «ተወጋሁ እማዬ፣ አለፍኩ» ስላት እልልታዋ ስልኩን ሊሰነጥቀው! ከዚያ የኔን ሳግ ሰማች።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም።»

እውነቴን ነው፣ አላመመኝም። ግን ያን ሁሉ ቀን በልቤ የያዝኩት ነገር ነበር፤ መርፌውን ካልቻልኩ ይመልሱኛል፣ ማንም ሰነፍ ሳይለኝ ቤቴ እገባለሁ የሚል። አሁን ምን ብዬ ልመለስ?

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል ልጄ?»

«ስላለፍኩ ነው፣ እማዬ።»